ሊብሬ የሌላት መኪና ዘሯ እንዴት ይቆጠራል?

እስቲ ሰብሰብ በሉና ስሙኝ። ሰሞኑን አንድ ነገር ድንገት ገባኝና ለሰው ሳልነግር ማደር አቃተኝ። ነገሩ ስለ አሮጌ የውድድር መኪና ነው። መኪና የማትወዱም አትነሱ፤ ከወንጀል ምርመራ ታሪክ ምንም አያንስም።

ጥያቄው ይህ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው በገዛ ግቢው፣ ከዚህም ከዚያም ዕቃ አሰባስቦ የውድድር መኪና ሠራ እንበል። ፋብሪካ ስላልሠራት የፋብሪካ መዝገብ የላትም። ሜዳ ላይ ብቻ የምትሽቀዳደም ከሆነች ደግሞ ሊብሬም ታርጋም ላይኖራት ይችላል። ሠሪዋ ይሞታል። ሌላ ሰው ይገዛትና ስሟን ይለውጣል፣ ላሜራዋን ገፎ አዲስ ያለብሳታል። ዘመን ያልፋል። አንድ ቀን አንዱ የዛገ ብረት ክምር ፊታችን ዘርግቶ «ያቺ ዝነኛ መኪና እነሆ!» ይለናል። በምን እናምነዋለን?

እኔም መጀመሪያ ላይ «አይቻልም» ነበር ያልኩት። በኋላ ግን ዘዴው እኛ ቤት ከጥንት ጀምሮ ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ ዘር መቁጠር ነው! ትልልቅ ሰዎች ለጋብቻ ሲያጣሩ «የማን ልጅ ናት?» ብለው አያበቁም። በአባት በኩል ማን፣ በእናት በኩል ማን፣ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እቤት የተሠራች መኪናም ዘሯ ከብዙ ቤት ነው። ሞተሩ ከአንድ አገር፣ ካምቢዮው ከሌላ አገር መጥቶ እሷ ላይ ተጋብተዋል። ስለዚህ አጣሪው መኪናዋን በደፈናው «ማን ነሽ?» አይላትም። ዕቃዎቿን አንድ በአንድ «አንተስ የማን ቤት ነህ?» እያለ ይጠይቃል።

ባብስ የምትባል መኪና ልውሰድና ላሳያችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በእንግሊዝ አገር፣ ካንተርበሪ ከተማ አጠገብ ሃይም ፓርክ በሚባል ትልቅ ርስት ላይ ካውንት ሉዊስ ዝቦሮውስኪ የሚባል ወጣት ይኖር ነበር። እናቱ ከአሜሪካ ቱጃሮች ከአስተር ቤተሰብ የተወለደች ናት። አባቱ 1903 ላይ ፈረንሳይ ውስጥ በዳገት ሽቅድምድም መኪና ሲነዳ ሞተ። ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ እናቱም አረፈች፤ ያ ሁሉ ሀብት በእሱ እጅ ገባ። ምን ሠራበት ትላላችሁ? የአውሮፕላን ሞተር እየገዛ መኪና ላይ መግጠም!

እብደት ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት 1918 ላይ ሲያበቃ ለጦር አውሮፕላን የተሠሩ ሞተሮች በየመጋዘኑ ተርፈው ቀሩ። በጣም ብዙ ጉልበት በርካሽ ዋጋ! ዝቦሮውስኪ ክላይቭ ጋሎፕ ከተባለ መሐንዲስ ጋር ሆኖ አንድ አሮጌ የመርሴዲስ ሻንሲ ላይ 23 ሊትር የሆነ የማይባክ የአውሮፕላን ሞተር አስቀመጠና 1921 ላይ ብሩክላንድስ በተባለው የውድድር ሜዳ ይዞ ወጣ። ስሟን ቺቲ ባንግ ባንግ አለው። አዎ፣ የጄምስ ቦንድ ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ 1964 ላይ የልጆች መጽሐፉን የሰየመው ከእሷ ወስዶ ነው። ከእሷ በኋላ እያሳደገ ሄደና አንዲት ግዙፍ መኪና ሠራ፤ በርስቱ ስም ሃይም ስፔሻል ተባለች። በሞተር መጠን ብሩክላንድስ ላይ ከሮጡት መኪኖች ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። የእኛ ባብስ እንግዲህ ይቺው ናት፤ ግን ያኔ ገና ባብስ አልተባለችም።

ቆጠራውን በሞተሩ እንጀምር። አንድ ሞተር ተሰጥቶን ጽሑፉ ሁሉ በዝገት ጠፍቷል እንበል። ምን እናድርግ? መለካት! ሲሊንደር ማለት ውስጡ ክብ የሆነ ቀዳዳ ነው፤ ፒስተኑ በዚያ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። «ይሄ ሞተር ስንት ሊትር ነው?» ሲባል ፒስተኑ ሲመላለስ የሚያካልለውን ባዶ ቦታ መጠን መጠየቅ ነው፤ በነዳጅ ታንከሩ የሚገባውን ቤንዚን አይደለም። (ይህን እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ አላውቅም ነበር፣ እናንተም ብትሆኑ አትፈሩ።) የዚህ ሞተር ሲሊንደር ወርዱ 12.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ ደግሞ 17.8 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። የወርዱን ግማሽ በራሱ አባዙ፣ በ3.14 አባዙ፣ በጉዞው ርዝመት አባዙ። 2,250 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል፤ ሁለት ሊትር ከሩብ ማለት ነው።

ቆይ፣ አትለፉት! ይህ እኮ የአንዱ ሲሊንደር ብቻ ነው። ሠፈር ውስጥ የምናያት ኮሮላ አራቱም ሲሊንደሮቿ ተደምረው ሁለት ሊትር አይሞሉም። ይህ ሞተር ደግሞ 12 ሲሊንደር አለው። በ12 ሲባዛ 27 ሊትር! የአውሮፕላን ሞተሮችን ዝርዝር ብታዩ ይህ ወርድ፣ ይህ ጉዞና ይህ የሲሊንደር ብዛት የሚገጥመው ከሊበርቲ ጋር ነው። ሊበርቲ አሜሪካ 1917 ላይ ወደ ጦርነቱ ስትገባ በጥድፊያ የተነደፈ ሞተር ነው። ሁለት መሐንዲሶች ዋሽንግተን ውስጥ ሆቴል ክፍል ተዘግቶባቸው በጥቂት ቀናት ነው ነድፈው የጨረሱት። 450 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። ከአንድ የብረት ቀዳዳ ተነስተን ዋሽንግተን ሆቴል ደረስን፤ ጉድ አይደለም?

ግን አትቸኩሉ፣ አሁን ችግር አለ። ሊበርቲ ከ20 ሺህ በላይ ተሠርቷል። አውሮፕላን ላይ ነበረ፣ ታንክ ላይ ነበረ፣ ፈጣን ጀልባ ላይ ነበረ። ስለዚህ የሊበርቲ ሞተር ማግኘት በራሱ ምንም አያረጋግጥም።

እንግዲህ ወደ ካምቢዮው እንሂድ። የዚህች መኪና ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው በሰንሰለት ነው፤ መካኒኮቻችን ካቴና የሚሉት። አሠራሩ የብስክሌት ነው፤ ጥርስ ያለው ክብ ከፊት፣ ጥርስ ያለው ክብ ከኋላ፣ በመካከል የሚጎትት ሰንሰለት። ብስክሌት አንድ አለው፣ እሷ በግራና በቀኝ ሁለት አላት። አሁን አስቡ፤ መኪናዋ የተሠራችው በ1920ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ ሰንሰለት ለመኪና ያለፈበት ዘዴ ነበር። ታዲያ በአዲስ መኪና ላይ አሮጌ ዘዴ ምን ይሠራል? መልሱ ያ ክፍል ከመኪናዋ በዕድሜ ይበልጣል የሚል ነው! ከሌላ፣ ከቀደመች መኪና ተነቅሎ መጥቷል ማለት ነው። በእርግጥም ካምቢዮውም ሰንሰለቱም ከጦርነቱ በፊት ከተሠራ የጀርመን የውድድር መኪና፣ ከብሊትዘን ቤንዝ የመጡ ናቸው። ብሊትዘን ቤንዝ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው የተሠሩት።

እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት የበራው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ተከተሉኝ። ሞተሩ ከ20 ሺህ አንዱ ነው፤ ብቻውን አይመሰክርም። ካምቢዮው በጣም ብርቅ ነው፤ ግን እሱም ብቻውን ከመጀመሪያዋ ቤንዝ ላይ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙስ? አንድ የአሜሪካ የአውሮፕላን ሞተር ከአንድ የጀርመን የውድድር መኪና ካምቢዮ ጋር እንዲጋባ የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ ስንት ይኖራል? እያንዳንዱ ዕቃ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ጋብቻው ግን አንድ ጊዜ ነው የተፈጸመው። እቤት የተሠራች መኪና መዝገብ ባይኖራትም ከፋብሪካ መኪና ይልቅ ማንነቷ የሚለየው ለዚህ ነው! ፋብሪካ አንድ ዓይነት መኪና በሺህ ያወጣል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ከጠፋ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። የዝቦሮውስኪን ዓይነት ቅልቅል ግን ማንም አልደገመውም።

ብረቱ ማንነቷን ይነግረናል፣ ጉዞዋን ግን አይነግረንም። ለዚያ ወረቀት ያስፈልጋል። መኪናዋ ወረቀት ባይኖራት ሰዎቿ አላቸው። ሰው ሲወለድ፣ ሲሞት፣ ሲወርስ፣ ሲሸጥ ይጻፋል። ዝቦሮውስኪ 1924 ጥቅምት ወር ላይ ጣሊያን አገር ሞንዛ ውስጥ መርሴዲስ ሲነዳ ተጋጭቶ ሞተ፤ እንደ አባቱ በውድድር ላይ። ባለሀብት ሲሞት ንብረቱ ይሸጣል፤ ሽያጭ ካለ ደግሞ ገዢና ዋጋ አለ። ሃይም ስፔሻል 125 ፓውንድ ወጣች። ገዢው ጆን ጎድፍሬይ ፓሪ-ቶማስ የሚባል የዌልስ ሰው፣ የሌይላንድ ሞተርስ ዋና መሐንዲስ የነበረ ነው።

ዱካው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ቶማስ መኪናዋን ባብስ ብሎ ሰየማት። ንፋስ በቀላሉ እንዲያልፋት አዲስ አካል አለበሳት፣ አራት የዜኒት ካርቡሬተር ገጠመላት፣ ፒስተኖቿን ራሱ በነደፋቸው ተካ። በስም የሚፈልጋት ሰው ከ1925 ወዲህ ሃይም ስፔሻል የምትባል መኪና ሲፈልግ ውሎ ቢያድር ምንም አያገኝም። መልኳን ብቻ የሚያይም ይሸወዳል፤ ላሜራ ቆዳ ነው፣ በሁለት ሳምንት ይቀየራል። አሮጌ ፎቶ ላይ ማየት ያለብን አጥንቷን ነው፤ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ቦታ፣ ሻንሲው የሚታጠፍበት፣ መሪው የቆመበት። ቀለም በማይደርስበት ነገር ላይ ዓይን መትከል ነው። ከዚህ በኋላ የጥንት ፎቶ ሳይ ጎማና ጎማ መካከል በጣቴ መለካት ልማድ ሆኖብኛል፤ ቤተሰቦቼ ተሰላችተዋል።

ሚያዝያ 1926 ላይ ቶማስ ባብስን ወደ ዌልስ፣ ፔንዳይን ወደሚባል ረጅም የባሕር ዳርቻ ወሰዳት። አሸዋው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ለጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ማዕበሉ ሲሸሽ እንደ አስፋልት የሚጠጥር ነው። እዚያ በሰዓት 171.02 ማይል፣ ማለትም 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሄድ የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘች። አስቡት፣ በ125 ፓውንድ የተገዛች የሟች ዕቃ! በየካቲት 1927 ማልኮም ካምቤል እዚያው አሸዋ ላይ ብሉበርድ በተባለች መኪናው 281 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ቀማው። ቶማስ ሊያስመልስ መጣ። መጋቢት 3 ቀን 1927 ባብስ በሙሉ ፍጥነት ስትከንፍ ተገለበጠች፤ ቶማስ እዚያው ሞተ። የመሬት ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ፍለጋ ሕይወቱን ያጣ የመጀመሪያው አሽከርካሪ እሱ ነው። የሞተለት ቁጥር ወር ሳይሞላው ተበለጠ፤ ሄንሪ ሲግሬቭ አሜሪካ ዴይቶና ላይ ከ200 ማይል በላይ ነዳ።

መኪናዋንስ ምን አደረጓት? ቀበሯት! እዚያው ፔንዳይን አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ ገባች። ለተመራማሪ ግን ይህ ከሁሉ የተሻለ ዕድል ነበር። ቺቲ ባንግ ባንግን ተመልከቱ፤ የመጀመሪያዋ ቺቲ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ የአርተር ኮናን ዶይል ልጆች እጅ ገብታ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ጥግ ላይ ተጥላ ዕቃዎቿ ተበታትነው ጠፉ። ባብስን ግን ማንም ሊፈታታት፣ ሊሸጣት፣ ላሜራዋን ሊቀይር አልቻለም። አሸዋው ቆልፎባታል።

ከ42 ዓመት በኋላ፣ 1969 ላይ፣ ኦወን ዊን ኦወን የሚባል ከባንጎር ከተማ የመጣ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር ሊያወጣት ተነሳ። ቦታው በዚያን ጊዜ የመከላከያ ክልል ውስጥ ነበር፤ ፈቃድ አስፈቅዶ አስቆፈረ። ወጣች! ላሜራዋን ጨውና ውኃ በልቶታል፣ ብረቷ ዝጓል። ያኔ እንግዲህ ያ ዘር ቆጠራ ሥራ ላይ ዋለ። ሊበርቲ ከ20 ሺህ በላይ መሠራቱ ቅድም እንቅፋት ሆኖብን ነበር፤ አሁን በረከት ሆነ፣ መለዋወጫው የሚፈለግበት ቤት ይታወቃላ! ሰውየው ከአሥር ዓመት በላይ ሲያድናት ኖሮ ሞተሯን አስነሣው። ዛሬ በየዓመቱ የተወሰነውን ጊዜ እዚያው ፔንዳይን ሙዚየም ውስጥ ትታያለች።

አሁን የምወደው ክፍል ደረሰ። ቶማስ እንዴት ሞተ ለሚለው ለብዙ ዓመት የተነገረው ታሪክ «ሰንሰለቱ ተበጥሶ አንገቱን መታው» የሚል ነበር። አስፈሪ ስለሆነ ተወዳጅ ሆነ፤ በየመጽሐፉ ተደጋገመ። መኪናዋ ከተገኘች በኋላ ግን ስብርባሪዋን የመረመሩ ሰዎች ጣታቸውን ወደ ቀኙ የኋላ ጎማ ቀሰሩ፤ መጀመሪያ የተበላሸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዴት ሊሆን ይችላል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። የተበጠሰ ሰንሰለት መበጠሱን እንጂ ሰዓቱን አይናገርም። በዚያ ፍጥነት ጎማው ቢሰበር መኪናዋ ትገለበጣለች፤ ስትገለበጥ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። ከሩቅ የሚያይ ሰው የሚያገኘው የሞተ ሹፌርና የተበጠሰ ሰንሰለት ነው፤ ሁለቱን አገናኝቶ ታሪክ ይሠራል። የትኛው ብረት ቀድሞ እንደተሰበረ ግን ብረቱን ራሱን ካላዩ አይታወቅም። መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ሆና ለ42 ዓመት ያልተጠየቀች ምስክር ነበረች! ይህን ባነበብኩበት ምሽት ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ክፍሉን ስዞር ነበር።

አንዳንዶች «ይህን ያህል ዕቃ ከተቀየረላት እውነት ባብስ ናት?» ይላሉ። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በአሮጌ መኪና ገበያ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው፣ ክስም የሚነሳው በዚህ ነው። የአንድ መኪና ሻንሲ አንድ ሰው ጋ፣ ሞተሯ ሌላ ሰው ጋ ቢገኝ ሁለቱም «እውነተኛዋ የእኔ ናት» ሊሉ ይችላሉ። የእኔ አስተያየት ይኸውላችሁ፦ ዱካው ካልተቋረጠ እሷ ናት። ባብስ ከዝቦሮውስኪ ወደ ቶማስ፣ ከቶማስ ወደ አሸዋ፣ ከአሸዋ ወደ ኦወን ዊን ኦወን ስትተላለፍ በመካከል የጠፋችበት ቀን የለም። የተቀየረው ፒስተን ያን አይሰርዘውም።

ዱካዋ የተቋረጠባትስ? እሷንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ፍለጋው አሁንም ክፍት ነው። ኮሊን ቻፕማን የሚባል የለንደን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሮጌ መኪና እየገዛ ይሸጥ ነበር። 1947 ላይ መንግሥት ለተራው ሰው የሚሰጠውን የቤንዚን ራሽን ሲያቋርጥ ገበያው ሞተና አንድ አሮጌ ኦስቲን ሰባት እጁ ላይ ቀረች። ቻፕማን ከፍቅረኛው ከሄዝል ወላጆች ቤት ጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ ገብቶ አካሏን ገፈፈ፤ አሉሚኒየም በተለበጠ ኮምፔርሳቶ አዲስ አካል ሠራላት፤ 1948 ላይ በጭቃና በዳገት በሚደረግ ውድድር ይነዳት ጀመር። ሎተስ አላት። በኋላ በፎርሙላ ዋን ሰባት ጊዜ የመኪና ሠሪዎችን ሻምፒዮና ያነሣው ሎተስ የተወለደው ከዚህች ነው! ቻፕማን 1950 ላይ ለሌላ መኪና ገንዘብ ሲፈልግ ሸጣት፤ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። 2018 ላይ ሎተስ 70ኛ ዓመቱን ሲያከብር የቻፕማን ልጅ ክላይቭ ያላችሁ ውለዱ ብሎ ሕዝቡን ተማጽኗል።

እሷ ከባብስ በአንድ ነገር ትሻላለች፤ መንገድ ላይ ትሄድ ስለነበር ታርጋ አላት። ኦኤክስ 9292። እኛ በነባሩ ታርጋ ላይ አአ ወይም አማ የሚለውን አይተን መኪናው የት እንደተመዘገበ እናውቅ እንደነበረው ሁሉ፣ በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ኦኤክስ ማለት በርሚንግሃም ነበር። የኦስቲንም ሞተር እንዲሁ ሊለካ ይችላል፤ ግን እንደ ሊበርቲ እሱም በሽ በሽ ነው፣ ስለዚህ ልባችሁን በሞተሩ አታስደስቱ። መፈለግ ያለበት ጋብቻው ነው፤ የኦስቲን ሻንሲ ላይ የተቸነከረ፣ አሉሚኒየም የለበሰ ኮምፔርሳቶ። እና ማንቸስተር ወይም ሊድስ ዘመድ ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉላቸው፤ የጎረቤት ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ ድንኳን የለበሰ ነገር ካለ ጫፉን ገለጥ አድርገው ይዩልን።